በስክሪን የሚዞር ሁሉ ማሽን አይደለም

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል የአበው ተረት። ዛሬ በየቴክኒክ ማሠልጠኛውና በየምሕንድስና ትምህርት ክፍሉ የማሽን ንድፍ እንዴት እንደሚቀርብ ለሚታዘብ ሰው፣ ተረቱ ለዚህ ዘመን ተብሎ የተተረተ ይመስለዋል። ተመራቂው ኮምፒውተሩን ከፕሮጀክተር ጋር ያገናኛል። በግድግዳው ላይ ባለ ብዙ ቀለም ማሽን ብቅ ይላል፤ ጥርሶቹ ይሽከረከራሉ፣ ክንዶቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ሙዚቃም ይታከልበታል። ፈታኞች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ታዳሚው ያጨበጭባል። «ለመሆኑ ይሠራል ወይ?» የሚል ጠያቂ ከተገኘ መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ «እንደምታዩት በሲሙሌሽን ተረጋግጧል።»

ይህ መልስ ስሕተት ነው። ስሕተቱም የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ያስተማሩት፣ የሸለሙትና በጋዜጣ ያሞገሱት ሁሉ ተባብረው ያጸደቁት ልማድ ነው። አንድ ነገር በስክሪን ላይ መንቀሳቀሱ ስለ ማሽኑ የሚመሰክረው እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ምንም አይመሰክርም። ብረት ውድ በሆነበት፣ የውጭ ምንዛሪ በጭንቅ በሚገኝበት የአፍሪካ ቀንድና ምሥራቅ አፍሪካ፣ ይህን ልዩነት የማያውቅ መሐንዲስ ማፍራት የቅንጦት ስሕተት ሊሆን አይችልም። ዋጋውን የሚከፍለው ማሽኑን በብድር የሚገዛው ገበሬ፣ መውቂያው ፊት ቆሞ እጁን የሚያስገባው ሠራተኛ ነው።

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። ሲሙሌሽን የሚለውን የባዕድ ቃል የአማርኛ ተርጓሚዎች «ማስመሰል» ይሉታል። አማርኛ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ቋንቋ ነው፤ ከዚያው ግሥ «አስመሳይ» የሚለው ወቀሳ ይወለዳልና። ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ ሰው አስመሳይ ይባላል። የላቲኑ ሥርም ቢሆን መምሰልንና ማታለልን በአንድነት የያዘ ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ቃሉን ወደ ላቦራቶሪ ሲያስገባው ጥርጣሬውን ከደጅ አስቀርቶ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ «ሲሙሌሽን» ሲል በባዕድ ቃል ክብር ተሸፍኖ ይናገራል፤ «አስመስዬ አየሁት» ቢል ግን አድማጩ ወዲያው «ምኑን ከምን አስመሰልከው?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሊቀር የማይገባውም እሱ ነው።

በዚህ በአንድ ስም ሥር ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ተደባልቀዋል። የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወይም አኒሜሽን ነው። ንድፍ አውጪው ይህ ክፍል ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ይድረስ ብሎ ያዛል፤ ክፍሉም ይሄዳል። ብረት በብረት ውስጥ ሰንጥቆ እንዲያልፍ ቢታዘዝም ያልፋል። ሁለተኛው የእንቅስቃሴ ስሌት ነው። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ የዘንጎቹን ርዝመትና የመጋጠሚያዎቹን ዓይነት ያከብራል፤ የሚዞረው ይዞራል፣ የሚንሸራተተው ይንሸራተታል፤ ነገር ግን ክብደት የለም፣ ሰበቃ የለም፣ የሚገፋም የሚገፋውም የለም። ሦስተኛው የጉልበት ስሌት ነው። ክብደት፣ ሰበቃ፣ የምንጭ ብረት ጥንካሬና ጭነት የሚገቡት በዚህ ደረጃ ነው። የውጤቱ እውነትነትም ንድፍ አውጪው ባስገባቸው ቁጥሮች ልክ ነው፤ የሰበቃውን መጠን በግምት ያስገባ ሰው የሚቀበለው ያንኑ ግምቱን በሚያምር ሠንጠረዥ ተጠቅልሎ ነው። በምረቃ አዳራሽ የሚጨበጨብለት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው፣ ቢበዛ ሁለተኛው ሆኖ ሳለ፣ የሚጠራው ግን በሦስተኛው ስም ነው።

መሣሪያው ራሱ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ስኬችፓድ» የተባለውን ፕሮግራም ለዶክትሬት ማሟያው ሲያቀርብ፣ በብርሃን ብዕር የተሣሉ መስመሮች የተሰጣቸውን ገደብ እያከበሩ ሲንቀሳቀሱ ማሳየት ችሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1988 ፕሮ/ኢንጂነር፣ በ1995 ሶሊድወርክስ ገበያ ላይ ዋሉ፤ ሥራው ከትልልቅ ኩባንያዎች ግቢ ወጥቶ በተራ መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የወጣው ፍሪካድ 1.0 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን መግጠሚያ ክፍል አካቶ ያለ ምንም ክፍያ ይገኛል። የናይሮቢም ሆነ የአዲስ አበባ ተማሪ የፈቃድ ዋጋ ሳይከፍል ሊማርበት ይችላል። ይህ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን መሣሪያው በረከሰ መጠን ትርጉሙን ሳያውቁ የሚጠቀሙበትም ይበዛሉ፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየሰፈሩ ልብስ ሰፊ ቤት የሚታየው የእግር ሲንጀር ይበቃል። መርገጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ከመርገጫው የሚነሣው ዘንግ ትልቁን መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩም በቆዳ ጠፍር አማካይነት መርፌውን ያንቀሳቅሳል። መርገጫው፣ ዘንጉ፣ የመዘውሩ ክንድና የማይንቀሳቀሰው የብረት እግር አንድ ላይ ሆነው መሐንዲሶች ባለ አራት ዘንግ የሚሉትን ሥርዓት ይፈጥራሉ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ መሐንዲስ ፍራንዝ ግራሾፍ ያስቀመጠው ሕግ ቀላል ነው፤ የአጭሩና የረጅሙ ዘንግ ድምር ከሁለቱ ቀሪዎች ድምር ካልበለጠ፣ ከዘንጎቹ አንዱ ሙሉ ዙር መዞር ይችላል። ለምሳሌ ርዝመታቸው 30፣ 90፣ 100 እና 110 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 30 እና 110 ተደምረው 140፣ 90 እና 100 ተደምረው 190 ይሆናሉና አጭሩ ክንድ ይዞራል። ስክሪኑ ይህን በትክክል ያሳያል።

ነገር ግን ማንኛውም ልብስ ሰፊ የሚያውቀውን ስክሪኑ ይደብቃል። ክንዱና ዘንጉ በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ መርገጫውን የቱንም ያህል ቢረግጡት መዘውሩ አይነቃነቅም። በእያንዳንዱ ዙር ይህ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። መኪናው በዚያ ነጥብ ላይ ቆሞ ከተገኘ ሰፊው በቀኝ እጁ ከላይ ያለውን ትንሹን መዘውር ገፋ ያደርገዋል፤ ከተነሣ በኋላ ደግሞ የትልቁ መዘውር ክብደት በግስጋሴው ያሳልፈዋል። ተማሪው ግን በኮምፒውተር ሲገጥመው ሞተሩን የሚያስቀምጠው መርገጫው ላይ ሳይሆን መዘውሩ ላይ ነው፤ «በደቂቃ 60 ጊዜ ዙር» ይለዋል፤ መዘውሩ ይዞራል፣ መርገጫውም ተከትሎ እየተወዛወዘ ያማረ ትርኢት ይታያል። የጌታና የሎሌ ቦታ ተለዋውጧል። በእውነቱ ማሽን የሚያዘው እግር ነው፤ በስክሪኑ ላይ እግሩ ታዛዥ ሆኗል። ትእዛዙ ከመርገጫው እንዲነሣ ቢደረግ ስሌቱ በዚያው ነጥብ ላይ ይቆማል፣ ወይም ወዴት መሄድ እንዳለበት ሳያውቅ አቅጣጫውን ይስታል። ይህ የፕሮግራሙ ጉድለት አይደለም፤ ማሽኑ ራሱ የሚናገረው እውነት ነው። ሰሚ ግን አልነበረውም።

ሁለተኛው ድብቅ ነገር ከዚህ ይከፋል። የባለ አራት ዘንግ ሥርዓት በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲቆጠር፣ ሦስቱ ተንቀሳቃሽ ዘንጎች እያንዳንዳቸው 3 የእንቅስቃሴ ነፃነት አላቸው፤ 9 ነው። አራቱ መጋጠሚያዎች እያንዳንዳቸው 2 ይነሷቸዋል፤ 8 ነው። የሚተርፈው 1 ነው፤ ማሽኑ በአንድ መንገድ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ዘንግ በወረቀት ላይ አይኖርም። በሕዋ ውስጥ እያንዳንዱ ዘንግ 6 ነፃነት አለው፤ ሦስቱ 18 ይሆናሉ። እያንዳንዱ የሚዞር መጋጠሚያ 5 ይነሣል፤ አራቱ 20። ውጤቱ ከዜሮ በታች 2 ነው። በዚህ ሒሳብ ማሽኑ ጨርሶ መንቀሳቀስ የለበትም፤ የሚንቀሳቀሰው አራቱም የመዞሪያ መስመሮች ፍጹም ትይዩ ስለሆኑ ብቻ ነው። ማለትም ሦስት ትርፍ ገደቦች አሉበት።

በስክሪን ላይ ትይዩ የተባለ መስመር ለዘለዓለም ትይዩ ነው። በወርክሾፕ ውስጥ ግን ቀዳዳውን የሚበሳው ሰው ነው፤ ብረቱም ሲበየድ ይጣመማል። አንዱ ቀዳዳ ጥቂት ዘንበል ካለ ፒኑ ይነክሳል፣ ኩሽኔታው ይሞቃል፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ይበላል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ስለ ትርፍ ገደቦቹ የሚያስጠነቅቁ ናቸው፤ በእነዚህ መጋጠሚያዎች ላይ የሚያርፈውንም ጉልበት አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ሊሰጡበት አይችሉም። ተማሪው ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ምክንያቱን ከመጠየቅ ይልቅ መዝጊያውን ይጫናል። ልምድ ያለው ባለሙያ ግን ሒሳቡን ባያውቀውም መድኃኒቱን ያውቀዋል፤ አንዱን መጋጠሚያ ላላ ያደርገዋል፣ ወይም ጫፉ ኳስ የሆነ መጋጠሚያ ይገጥምበታል።

ሦስተኛው ድብቅ ነገር ክፍተት ነው። በስክሪን ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ያለ ችግር ገብቶ ይዞራል። በቶርኖ ቤት ይህ አይሆንም። በዓለም አቀፉ የመግጠሚያ ደረጃ መሠረት፣ ለመዞር የሚመረጥ አንድ የተለመደ ልክ ቀዳዳውን ከ20.000 እስከ 20.021፣ ዘንጉን ደግሞ ከ19.980 እስከ 19.993 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ቢያንስ የሚሊ ሜትር 7 ሺኛ፣ ቢበዛ 41 ሺኛ ነው። ይህ ኢምንት ክፍተት ከሌለ ዘንጉ አይዞርም፤ ከበዛ ይንቀጠቀጣል፤ በአራት መጋጠሚያ ሲደማመር ደግሞ የክንዱን ጫፍ ከታሰበለት ቦታ ያስወጣዋል። ቁጥሮቹን በሥዕሉ ላይ ያልጻፈ ንድፍ አውጪ ማሽን አልነደፈም፤ የማሽን ምስል ነው የሠራው። ቶርኖ ሠሪው ሥዕሉን ተቀብሎ «ስንት ልተውለት?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ከሌለ፣ ንድፉን የጨረሰው እሱ ነው። በሰነዱ ላይ ግን ስሙ የለም።

የመምሰልና የመሆን ልዩነት ሕይወት የሚጠይቅበት ጊዜም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል። አደጋውን ያስከተለው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ፣ በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ የተሳሳተ ንባብ ላይ ተመርኩዞ የሚንቀሳቀስ ሥርዓት እንደነበረ ይታወቃል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። በአብራሪዎቹ መካከል፣ ግራና ቀኝ፣ በእጅ የሚዞር መዘውር አለ፤ በገመድ አማካይነት የጅራቱን አግድም ክንፍ የሚያነሣና የሚያወርድ ነው። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንደገለጸው ረዳት አብራሪው በእጅ ልሞክር ብሎ ጠየቀ፤ ዋና አብራሪውም እንዲሞክር ነገረው፤ ረዳቱ ግን እንደማይሠራ መለሰ። ፍጥነቱ በጨመረ መጠን አየሩ በጅራቱ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት መዘውሩን በሰው እጅ ለማዞር እጅግ የከበደ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ቦይንግ የ737 ማክስ የምስለ በረራ ማሠልጠኛ ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን አስመስሎ ማሳየት ያልቻለ እንደነበረና እርማት እንደተደረገበት አስታወቀ። በጊዜው የወጡ ዘገባዎች እንዳመለከቱት ከጉድለቶቹ አንዱ መዘውሩን በእጅ ለማዞር የሚያስፈልገውን ጉልበት የሚመለከት ነበር። የአደጋው መንሥኤ ማሠልጠኛው ነው የሚል የለም፤ ይህ ጽሑፍም አይልም። ነገር ግን በዓለም ከታወቁት የማስመሰያ መሣሪያዎች አንዱ፣ በባለሙያ ብዛትና በገንዘብ ያልተቸገረ ኩባንያ ያሠራው፣ በአንድ መዘውር ጉልበት ላይ እውነቱን ካጎደለ፣ በአንድ ሴሚስተር የተሠራ ቪዲዮ «ተረጋግጧል» የሚለውን ቃል የሚሸከምበት ምን ትከሻ አለው?

ተቃዋሚዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው የድህነት ክርክር ነው። ብረት ውድ ነው፣ ወርክሾፕ የለም፣ ስለዚህ ስክሪን ይበቃል ይላሉ። በምሳሌነትም ቦይንግ 777ን ይጠቅሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ይህ አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተነደፈ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ነውና። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚያበረው ነው። የሚረሳው ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1995 የሆነው ነው። መሐንዲሶቹ የአንድ ሙሉ አውሮፕላን ክንፎችን በእውነተኛ ጉልበት ወደ ላይ እያጠፉ በዚያው ወር ሰበሯቸው፤ ክንፉ የተሰበረው በበረራ ሊገጥመው ይችላል ከተባለው ከፍተኛ ጭነት በ154 በመቶው ላይ ነበር፤ ሕጉ የሚጠይቀው 150 ነው። በኮምፒውተር በማመን ቀዳሚ የሆኑት ሰዎች ናቸው ስሌታቸውን ብረት ሰብረው የፈተኑት። ድኻ አገር ክንፍ መስበር አይችልም ይባል ይሆናል። ነገር ግን አንድ መጋጠሚያ፣ አንድ ክንድ፣ አንድ ጥርስ ከቁርጥራጭ ብረት ሠርቶ እስኪሰበር መጫን የሚያስወጣው ገንዘብ፣ ያልተፈተነ መውቂያ በብዛት አምርቶ ከማሳ ከመሰብሰብ በብዙ ያነሰ ነው። ስክሪኑ ብረት የሚቆጥበው የትኛው ክፍል በብረት መፈተን እንዳለበት ሲነግር ነው።

ሁለተኛው ክርክር የቋንቋ ነው። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ስለዚህ በአማርኛ ማሰብ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። የእንቅስቃሴ ጥናት የሚጠራበትን ስም እ.ኤ.አ. በ1834 ከግሪክኛ ያበጀው ፈረንሳዊው አምፔር ነው። የማሽን ክፍሎች እርስ በርስ የሚገጥሙበትን ሥርዓት በጥንድ በጥንድ የመደበው ጀርመናዊው ፍራንዝ ሩሎ ሲሆን፣ የ1875 መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት በአሌክሳንደር ኬኔዲ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። እንግሊዝኛም በተራው ቃላቱን በትርጉም ያገኘ ተማሪ ነበር። ሩሎ ንድፈ ሐሳቡን በቃል ብቻ አላስተማረም፤ ተማሪዎች በእጃቸው የሚያዞሯቸውን ብዙ መቶ የብረት ሞዴሎች አዘጋጅቷል፤ አሜሪካ የሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1882 ከእነዚህ ከ200 በላይ ገዝቶ እስከ ዛሬ ጠብቋቸዋል። ቃልና ብረት አብረው ሄዱ። የአማርኛው ተማሪ ግን ቃሉንም በባዕድ አፍ፣ ብረቱንም በስክሪን እንዲቀበል ተፈርዶበታል። «ገደብ»፣ «መጋጠሚያ»፣ «ነፃነት»፣ «ክፍተት»፣ «ሰበቃ» የሚሉ ቃላት አሉት፤ በእነርሱ ቢጠየቅ ግን የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነ ከመናገር አልፎ ለምን እንደተጫነው ማስረዳት ይገደድ ነበር።

በሌላ በኩል ብረቱን የሚያውቁት ሰዎች ከአዳራሹ ውጭ ናቸው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ሌላ ዕቃ ሆኖ ይነሣል። በናይሮቢ ካሙኩንጂ፣ በስዋሂሊ «ጠራራ ፀሐይ» ተብለው የሚጠሩት የጁዋ ካሊ ባለሙያዎች ምድጃና ሣጥን በመዶሻ ይቀጠቅጣሉ። እነዚህን ሰዎች ማሞገስ ብቻ አይበቃም። እነርሱም ስሌት ይጎድላቸዋል፤ ዘንጉ ለምን እንደተሰበረ ሳይጠይቁ በወፈረ ዘንግ ይተኩታል፤ ማሽኑ ይከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል። ስሌት የሚያውቀው ብረት አያውቅም፣ ብረት የሚያውቀው ስሌት አያውቅም። ፕሮግራሙ ሊሆን የሚገባው በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ ጠረጴዛ ነበር፤ አሁን ግን አንደኛውን ከሌላው የሚጋርድ መጋረጃ ሆኗል።

መጋረጃው የሚነሣው በምኞት አይደለም። በየመመረቂያው ሥራ ላይ ሦስት ጥያቄ ግዴታ ይሁን፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው፣ ከየትኛውስ ወገን? በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ምን ያህል ክፍተት ተተወ? ጉልበቱ ስንት ነው፣ ቁጥሩስ ከየት መጣ? ተንቀሳቃሽ ሥዕል በስሙ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይባል፤ የእንቅስቃሴ ስሌት የጉልበት ስሌትን ስም አይውሰድ። ከፕሮፌሰሮቹ ጎን አንድ ቶርኖ ሠሪ ወይም በያጅ ከፈታኞች አንዱ ሆኖ ይቀመጥ፤ «ይህን እንዴት ትበሳዋለህ?» ብሎ የመጠየቅ፣ መልስ ካጣም የመጣል ሥልጣን ይኑረው። ከፋይሉ ጋር አንድ የተሠራ፣ የተጫነና ቢቻል የተሰበረ ክፍል ጠረጴዛው ላይ ይቅረብ። የተሰበረ ክፍል ይዞ የቀረበ ተማሪም ከሙዚቃ ጋር ከሚዞር ቪዲዮ ባለቤት የበለጠ ነጥብ ያግኝ፤ እሱ ማሽኑ የት ላይ እንደሚሸነፍ ያውቃልና።